የጆሮ ማኅበርና ያለቀው ስፒከር

ስፒከራችንን መሥራት ማቆማቸውን የሰማሁት ስኩል ባሱን ግቢ አስገብቼ፣ ከወንበሮቹ ሥር የተረሳ ጓንትና የምሳ ዕቃ ስለቅም ነው። ስልኬ በላይ በላዩ ይጮሃል። ሰው የሞተ መሰለኝ፤ የኛ ሰው እንዲህ የሚጻጻፈው መርዶ ሲኖር ነውና። ስከፍተው ከማኅበራችን አንዱ፣ ሮዝቪል የሚኖረው፣ ከኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ያነሣውን ፎቶ ልኳል። ከሥሩ «ዲስኮንቲንዩ አድርገውታል። አለቀ በቃ» ይላል። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴያችን፣ ደግሞ በአንድ ቃል ብቻ መልሰዋል፤ «ውሸት!»

ውሸት አልነበረም። ኩባንያው ትንሽ ነው። በእንጨት ሣጥን የተሠራ፣ እስከ ወገቤ የሚደርስ፣ ፊቱ ላይ ቡናማ ጨርቅ ያለው ስፒከር ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሮ አሁን በምትኩ ቀጠን ያለ ነጭ ነገር አውጥቷል። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ እስካሁን ስለወደዳችሁት እናመሰግናለን ይላል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያናደደኝ ይሄ ምስጋና ነው። የሰው ነገር ወስዶ አመሰግናለሁ ማለት ምን የሚሉት ጨዋነት ነው?

ቤት ስገባ ለልጄ ነገርኳት። እዚሁ ሚኒሶታ የተወለደች ናት፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። «ማም፣ ኢትስ ጀስት ኤ ስፒከር» አለችኝ። ስፒከር ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ያን ያህል አልናደድም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሆነን ማኅበር አለን። የጻድቅ ማኅበር አይደለም፤ የሙዚቃ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ተራው የደረሰው ሰው ቤት እንሰበሰባለን። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሙዚቃ ይዘን እንመጣለን፤ ሸክላም ይሁን ካሴት ወይም ሲዲ። ሙዚቃው ሲከፈት ማንም አያወራም፣ ስልክም አይነካም። ሲያልቅ እንበላለን፣ እንከራከራለን። ምግቡ ምን ጊዜም የጾም ነው፤ ፋሲካም ቢሆን የጾም ነው። አንዳችን ሙስሊም ስለሆነ የማን ሥጋ፣ ማን ያረደው የሚል ጣጣ ውስጥ ከምንገባ ሽሮው ሁላችንንም ያስማማል ብለን ነው። ከመሐላችን ያገቡት ወንዶች ሚስቶች «የጆሮ ማኅበር» ይሉናል። ሲያሾፉብን ነው፤ እኛ ግን ስሙን ወደነው ወሰድነው።

ሴቷ እኔ ብቻ ነኝ። ሰዎች እንዴት እዚያ ውስጥ ገባሽ ይሉኛል። ጠዋትና ከሰዓት የሕፃን ጩኸት ጭኖ የሚዞር ሰው፣ ጸጥ ባለ ቤት ቁጭ ብሎ አንድ ድምፅ ብቻ መስማት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የማኅበር አለቃ እንደ ደንቡ ሙሴ ይባላል። የኛ ሙሴ ሴንት ሉዊስ ፓርክ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አገር ቤት ሳሉ የኤሌክትሪክ ሥራ ያስተምሩ ነበር። ዛሬም ሲያወሩ አስተማሪ ናቸው፤ ጣታቸውን ያነሣሉ፣ ጥያቄ ይጠይቁና ራሳቸው ይመልሱታል። ሮዝቪል የሚኖረው ትራክ ነጂ ነው፤ ቤቱ ኦሮምኛ ነው የሚነገረው፣ እሱ ነው ሙስሊሙ። ሽማግሌውን ሙሴ ብለን ስንሰይማቸው «ሙሳ እኮ የኛም ነው!» ብሎ ከሁላችን በላይ ያጨበጨበው እሱ ነው። አራተኛው ነርስ ነው። ሴንት ፖል ይኖራል፣ ትግራይ ነው የተወለደው። ብዙ አይናገርም። ሲናገር ግን «ሁለተኛዋ ቫዮሊን ትንሽ ዘገየች» ይልና ደግመን ስንሰማው እውነትም ዘግይታለች።

ከሕጎቻችን ሁሉ ዋናው ስፒከሩ ነበር። የአራታችንም ቤት ያው ስፒከር መኖር አለበት። ሙሴያችን ያወጡት ሕግ ነው። በማኅበር አንዱ ጮማ አንዱ ደረቅ ዳቦ ካቀረበ መኩራራትና ማፈር ይመጣል፣ ቤቱ ይለያይ እንጂ የምንሰማበት ነገር አይለያይ ይላሉ። ስፒከሩንም ሙሴ ራሳቸው ናቸው መጥተው የሚያስሩት። ከአምፕሊፋየሩ ወደ እያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ገመድ ይሄዳል፤ ከስፒከሩ ጀርባ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር ማሰሪያ አለ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ ማንም አጠገባቸው እንዳይመጣ እያሉ ያስራሉ። የኔንም ሲያስሩ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር የጠበቅኳቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም። ሙሴ ያሰሩትን ማን ይፈታል?

ድምፁም ልዩ ነበር። ዘፋኙ የት ቆሞ እንደሚዘፍን አይታወቅም። ከግድግዳው፣ ከጣራው፣ ከጀርባህ ይመጣል፤ ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል። ሌላ ሰው ቤት ሄጄ ሙዚቃ ስሰማ ድምፁ ሣጥን ውስጥ የታሰረ ይመስለኝ ነበር። ቤዙ ብቻ ትንሽ ይሳሳል፤ እሱንም የቤዙን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዙረን እንሞላዋለን። አራታችንም ቤት ቁልፉ መጨረሻው ላይ ነው ያለው።

የአገር ቤቱ ጦርነት ሲጀመር ነርሱ መምጣት አቆመ። አልተጣላንም፣ ክፉ ቃልም አልተለዋወጥንም። በቃ ቀረ። እንኳን እሱ፣ እኛ ሦስታችንም ስንገናኝ የምንናገረውን እየመረጥን ነበር፤ ዘመድ የሌለው ሰው የለም፣ ሁሉም የየራሱን ወሬ ይሰማል። እኔ ግን በየወሩ መልእክት እልክለት ነበር። «ዘንድሮስ እንዴት ነህ» የሚል አይደለም። «የዚህ ወር ተራ ሮዝቪል ነው። ምግቡ ምስር ነው» ብቻ። አይመልስም። እልካለሁ። ትራክ ነጂው «ተይው እህቴ፣ ሰውዬውን አታስጨንቂው» ሲለኝ «አንተ ዝም በል» አልኩት። ጦርነቱ ቆሞ ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ እሑድ በሬ ተንኳኳ፤ ከፈትኩ፤ እሱ ነው። ሲዲ ይዟል። ገብቶ የድሮ ቦታው ተቀመጠ። ማንም የት ነበርክ አላለውም፤ ሙዚቃ ከፈትን።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ስፒከሩ ያለቀው። ዜናው በመጣ በሳምንቱ ነርሱ ለግሩፑ ጻፈ። ከስፒከሮቹ አንዱ ተቃጥሏል፤ ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ፣ ውፈሩ፣ መጀመሪያ ተንኮሻኮሸ፣ አሁን ጨርሶ ዝም ብሏል። የሚቀጥለው ወር ተራ ደግሞ የሱ ነበር። «አዲስ አይገኝም፣ ሕጉም ሕግ ነው። እኔን ተዉኝ፤ እናንተ ቀጥሉ» ይላል መልእክቱ።

ሳነበው ደሜ ፈላ። በሱ አይደለም፤ በነገሩ። ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቄ ደጄ ላይ ያገኘሁት ሰው በአንድ የተቃጠለ ወረቀትና ሽቦ ሰበብ ሊሄድ ነው! አንዴ ከሄደ ሁለተኛ እንደማይመለስ ልቤ ያውቀዋል። ትራክ ነጂውም ቢሆን ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ መቅረቱ አይቀርም፤ ወደየራሳችን ሰው፣ ወደየራሳችን ወሬ እንበተናለን። ለነርሱ «አልተውህም» ብዬ ጻፍኩለትና ሥራ ጀመርኩ።

ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ጨዋ ናት፤ መለዋወጫውም አብሮ ማለቁን ነገረችኝ። በማግሥቱም ደወልኩ፤ ሌላ ሰው አነሣ፤ ያንኑ ነገረኝ። ኢንተርኔት ላይ ያገለገለ ፈለግሁ። አንዱ ሻጭ ጋ አለ ሲሉኝ ሣጥኑ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ሰውየው ውስጡን አውጥቶ የድመት ቤት አድርጎታል። ጥገና ቤቶችን ጠየቅሁ፤ ልኩ የሚሆን የውፈር ወረቀት የለንም አሉ። ባሱን እየነዳሁ ቀይ መብራት ላይ ስቆም የማስበው ውፈር ነው።

ቅዳሜ ዕለት ትራክ ነጂው «ቢያንስ አዲሱን እንስማው። ጥሩ ከሆነ አራታችንም እንቀይርና ሕጉ እንዳለ ይቀጥል» አለ። ነርሱ ሥራ ላይ ነበር፤ ሦስታችን ሄድን። ሱቁ ውስጥ ምንጣፍና ሶፋ ያለው የመስሚያ ክፍል አለ። ሙሴያችን ሲዲያቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው ሰጡ። የሴት ድምፅ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሰማነው። ሻጩ ከፈተው።

ዘፋኟ በሁለቱ ስፒከሮች መሐል፣ ልክ ሶፋው ፊት ለፊት፣ ቆማ ዘፈነች። ሙሴያችን ፊታቸው ተቀያየረ።

«ምነው እዚያ ጋ ቀጥ አድርጎ አቆማት? እንደ ተማሪ!» አሉ። «የኛ ቤቱን ሁሉ ነው የምትሞላው። ይሄ ምን ዓይነት ስፒከር ነው?»

«እኔ እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? ናይስ ነው» አለ ትራክ ነጂው። «ቤዙን ስሙት እስቲ። ደረቴ ላይ እኮ ነው የሚመታው።»

«ደረትህን ለመመታት ከሆነ ቦክስ ግጠም!»

እኔም ከሙሴ ጋር ወገንኩ። አልወደድኩትም። ድምፁ ቅርብ ነው፣ ፊት ለፊት ነው፣ ዓይን ዓይኔን የሚያየኝ ሰው ያለ መሰለኝ። ሻጩ ግራ ገብቶት አንዴ እኛን፣ አንዴ ስፒከሩን ያያል። ሳንስማማ ወጣን። መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ሙሴያችን «እኔ በሕይወት እያለሁ ያ ነጭ ነገር ማኅበራችን አይገባም» ብለው የመኪናውን በር ዘጉት።

እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ ወሰንኩ። የራሴን ውፈር አውጥቼ ለነርሱ እሰጠዋለሁ። የሱ ጥንድ ሙሉ ይሆናል፤ የጎደለ ስፒከር ያለኝ እኔ እሆናለሁ። እኔን ደግሞ እስቲ ማን ከማኅበር እንደሚያስወጣኝ አያለሁ።

በነጋታው ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላዬን ወንበር ላይ ጥዬ ብሎን መፍቻ ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ግራውን ስፒከር አዙሬ ገመዱን ስፈታ አንድ ነገር አየሁ። ገመዱ አንደኛው ክሩ ላይ ስስ ነጭ መስመር አለው። ወደ ቀኙ ሄጄ አየሁ። በቀኙ ስፒከር ነጩ መስመር ቀይ ማሰሪያ ላይ ነው የታሰረው። በግራው ግን ጥቁሩ ላይ። አምፕሊፋየሩን ሳየው እዚያ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ተመልሼ ደግሜ አየሁ። ሙሴያችን ሲያስሩ የሚሉት ትዝ አለኝ፤ ጣታቸውን አንሥተው «ግራና ቀኝ ምንድን ናቸው? መስታወት ናቸው። በመስታወት ቀኝህ ግራ ይሆናል» ይሉ ነበር። እውቀት መስሎኝ ራሴን እየነቀነቅሁ ነበር የምሰማቸው።

ስፒከሩን ከመበተኔ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልስማው አልኩ። እጄ ግን መስታወቱን ትቶ ቀይን በቀይ፣ ጥቁርን በጥቁር አሰረ። ከፈትኩት።

የኩሽናው ብርጭቆ ተንጫጫ። ልጄ ከላይ «ማም! ዋት ዋዝ ዛት?» ብላ ጮኸች። ቤዙ ነው። መጨረሻው ላይ የኖረውን ቁልፍ ሮጬ ወደ መሐል መለስኩት። ከዚያ ተቀመጥኩና ሰማሁ። ዘፋኙ ከጣራው ወርዶ፣ ከግድግዳው ወጥቶ፣ ሳሎኔ መሐል ቆሟል። ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል። በፊት ትንፋሹን ሰምቼው አላውቅም። ሱቅ ያየሁት ነጩ ስፒከር የሚያደርገውን ነው የሚያደርገው፤ የኛው ግን ይሞቃል፣ እንጨት እንጨት ይላል። ያን ሁሉ ዓመት አንደኛው ስፒከር ሲገፋ ሌላው ሲስብ፣ ቤዙን እርስ በርስ ሲበላሉ ኖረዋል ማለት ነው። እኛም ተበልቶ ያለቀውን ቤዝ ፍለጋ ቁልፉን እያጦዝን ያን ምስኪን ውፈር እስኪቃጠል ድረስ አሠቃየነው። ቤቱን ሁሉ ይሞላል ብለን የኮራንበት ነገር ስሕተት ነበር። ብቻዬን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከዚያ ሙሴያችን ትዝ አሉኝና ሳቁ ጠፋ።

ለሽማግሌ፣ ያውም ለአስተማሪ፣ ተሳስተዋል ተብሎ እንዴት ይነገራል? በስልክ አይሆንም። ከምኖርበት ከኩን ራፒድስ እስከ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ድረስ የምለውን ስደረድር ሄድኩ፤ በራቸው ላይ ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ።

«ጋሼ፣ ስፒከርዎን አንድ ጊዜ ልነካው?» አልኳቸው።

«ምን ልታደርጊው?»

«አንድ ገመድ ላዛውር ነው። ካልወደዱት እኔው እመልሰዋለሁ።»

«የቱን ገመድ? ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማስፈቅድዎ።»

በሩን ለቀው አስገቡኝ። ከዚያ ሶፋቸው ላይ ተቀመጡና እጃቸውን አጣጠፉ። አዛወርኩት፤ የቤዙን ቁልፍ ወደ መሐል መለስኩ፤ ያችኑ የሴት ድምፅ ከፈትኩላቸው። ዘፋኟ መሐል ቆመች። እንደ ሱቁ ቀን ይቆጣሉ ብዬ ፊታቸውን አያለሁ። አልተቆጡም። ወደ ፊት ጠጋ አሉ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተነፈሱም።

«መስታወት አይደሉም» አሉ ሲያልቅ።

«አይደሉም ጋሼ።»

«የልጁንም ስፒከር ያቃጠልኩት እኔ ነኛ?»

«ቁልፉን ያጦዝነው ሁላችንም ነን። እርስዎ እዚያ ቤት አልነበሩም።»

«አታባብይኝ» አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ስንት ቤት ተንበርክኬ አሰርኩ! እናንተም አንዳችሁ እንኳን ለምን አትሉም?» አሁን ተቆጡ፤ ሲቆጡ ደስ አለኝ፤ ከማልቀሳቸው ይሻላል። ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙና «የኔን ጥንድ ውሰጂለት፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ ሬዲዮ ይበቃኛል» አሉኝ። እምቢ አልኩ። የኔን ውፈር እሰጠዋለሁ አልኩ። እሳቸውም እምቢ አሉ። እንዲህ ስንገፋፋ ድንገት ጣታቸው ተነሣ፤ ጥያቄ ሊጠይቁ ነው።

«በአንድ ማኅበር ስንት ጽዋ አለ?»

«አንድ።»

«የት ነው የሚቀመጠው?»

«ባለተራው ቤት። ከዚያ ለሚቀጥለው ይተላለፋል።»

«ታዲያ የኛ ስፒከር ማን አራት አደረገው? እኔው ነኝ! ይሄም አንዱ ስሕተቴ ነው።» ወደኔ ዞሩ። «አንድ ጥንድ ይዞራል፤ እንደ ጽዋው። የቀረው ሁሉ መለዋወጫ ይሆናል። አንዱ ሲሞት ከሌላው እንተካለን። ኩባንያው ቢያቆም ባያቆም ምን አገባን? እኛ እስክናልቅ አያልቅም። አሁን ተራው የማን ነው?»

«የነርሳችን።»

«እንግዲያው አድርሺለት። ጽዋ የደረሰው ሰው አልቀበልም አይልም።»

ለትራክ ነጂው ስልክ ደውለን ስንነግረው ረጅም ሳቅ ሳቀ። «እኔ እኮ ያኔውኑ ናይስ ነው ብያለሁ!» አለ። «ጽዋውን ግን ባዶውን ከሆነ እኔም እሸከማለሁ።» የሱንም የቤት ስፒከር መለዋወጫ ይሁን ሲባል አንድ ጊዜ እንኳን አላንገራገረም። ከሱ ይህን አልጠበቅሁም ነበር፤ ወዲያው ይቅር አልኩት፣ ምኑን እንደሆነ እንጃ።

ከሁሉም የተሻለው የኔው ጥንድ ሆነና በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩላቸው። ሴንት ፖል የደረስኩት ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ በረዶው ከመንገዱ ዳር ተከምሯል። ነርሱ ከሥራ ገብቶ የሆስፒታል ልብሱን ሳያወልቅ በሩን ከፈተ። አንዱን ስፒከር አቅፌ ቆሜያለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጽዋ ነው።»

ነገርኩት። ገመዱን፣ መስታወቱን፣ አዲሱን ሕግ። በሩ ላይ ቆሞ ሰማኝ፤ ግቢም አላለኝም።

«አልቀበልም ብልሽስ?» አለኝ።

«በረዶው ላይ አስቀምጬው እሄዳለሁ።»

«ታደርጊዋለሽ ደግሞ።»

«አደርገዋለሁ።»

ስፒከሩን ከእጄ ተቀበለኝ፤ ግን አልገባም። «ስፒከሩ ሰበብ መሆኑን ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ። «እኔ ስገባ እኮ ሁላችሁም ትቀየራላችሁ። የምትናገሩትን ትመርጣላችሁ። ትራክ ነጂው እንኳን ቀልድ ይፈራል። እኔም ከቤቴ ስወጣ ጀምሮ ምን ልናገር እያልኩ ነው የምመጣው። ከሌለሁ ትቀልላላችሁ ብዬ ነው።»

«እውነት ነው፣ እንፈራለን» አልኩት። «አንተም ትፈራለህ። ፈርተን ደግሞ እንቀመጣለን። ያቺን ምስር ፈርተን እንበላለን። ማን ይለቅሃል? እኔ አልለቅህም። ደክሞኛል፣ ሁሉም በየጓዳው ሲገባ ማየት ደክሞኛል።» ወደ መኪናዬ አመለከትኩ። «ሁለተኛው መኪና ውስጥ ነው። ከባድ ነው፤ አግዘኝ።»

ስፒከሩን ውስጥ አስቀምጦ፣ ጫማውን እንኳን በቅጡ ሳያስር ወረደ።

በማግሥቱ እሑድ አራታችንም እሱ ቤት ነበርን። ሙሴያችን እንደገቡ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ፊቱ ቆመው «ስፒከርህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አሉት። እሱ በሁለት እጁ እጃቸውን ይዞ «ኧረ ጋሼ፣ እኔም እኮ ቁልፉን ስንት ዘመን ሳጦዝ ነበር» አለ። ገመዱን እሱ ራሱ እንዲያስር ነገሩት። ሲያስር ሁላችንም ዙሪያውን ከበን ቀይ በቀይ፣ ጥቁር በጥቁር እያልን አላስሠራ አልነው፤ ትራክ ነጂው ስልኩን አብርቶ ያበራለታል።

መጀመሪያ የሦስታችንን ሙዚቃ ሰማን። የባለተራው መጨረሻ መጣ። ወደ ማኅበሩ ከተመለሰ ጀምሮ ቃል ያለው ሙዚቃ ይዞ መጥቶ አያውቅም ነበር፤ ፒያኖ፣ ሳክስፎን፣ ክራር ብቻውን። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አንሥቶበት አያውቅም። ያን ቀን ከመደርደሪያው ካሴት አወጣ። ከፈተው። የትግርኛ ዘፈን ነው፤ አንዲት ሴት ናት፣ ወጣት አይደለችም። ሳሎኑ መሐል መጥታ ቆመች፣ በመካከላችን፣ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካት ይመስል። ግማሹን ቃል እሰማዋለሁ፣ ግማሹ ያመልጠኛል። ነርሱ ማንንም አላየም፤ ዓይኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

ዘፈኑ አለቀ። ከኛ ሁሉ ወሬ የሚያበዛው ትራክ ነጂው «ድገመው እስቲ» አለ። ደገመው።

ከዚያ ምስሩን በላን፤ ቤዙ በዛ፣ አልበዛም ተባብለን ተከራከርን። ሲመሽ ሙሴያችን ካፖርታቸውን ለበሱና የሚቀጥለው ወር ተራ የሳቸው መሆኑን አስታወሱ። ሁለቱን ስፒከሮች አንዴ አዩዋቸው። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ጉልበታቸውም እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን አንሡልኝ አይሉም፣ አውቃቸዋለሁ። አፌን ከፍቼ እኔ አደርስልዎታለሁ ልል ስል ነርሱ ቀደመኝ።

«እርስዎ አይንኩት ጋሼ። በተራዎ ቀን እኔው ይዤልዎት እመጣለሁ» አለ። «በስንት ሰዓት ልምጣ?»

ሙሴያችን የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«ቀደም ብለህ ና» አሉት። «ምሳ አብረን እንበላለን።»